ተክል ውሃ ሲጠማው ስለሚረዱት ረቂቃን ሕያዋን

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



የዛሬውን ንግግር እንድናዘጋጅ ምክንያት የሆነን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ያሉ አድማጫችን ሲሆኑ፥ ታላቅ ወንድማቸው በማረቆ በርበሬ የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ወንድምየው በቅርቡ በላኩላቸው መልእክት፥ «አንድ ነጋዴ መጥቶ በከረጢት የታሸገ ጥቍር ዱቄት አሳይቶናል፤ የችግኙ ሥር በዚህ ተነክሮ ከተተከለ ዝናብ ቢቀርም አያሳስባችሁ ይላል፤ ገንዘቡን ብትልክልኝ ዘንድሮ መላውን ማሳዬን በዚሁ እተክላለሁ» ብለዋቸዋል። አድማጫችን ታላቅ ወንድማቸውን ማስቀየም አልወደዱም። ዳሩ ግን ከወር ደመወዝ ተቀንሶ የሚላክ ገንዘብ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከገንዘቡም ይልቅ ያስጨነቃቸው፥ ወንድማቸው ዱቄቱን ተማምነው ሊቈፍሩት ያሰቡትን የውሃ ማቈሪያ ጕድጓድ እንዳይተዉት ነው። ስለዚህ በደብዳቤያቸው መጨረሻ «ለመሆኑ ባክቴሪያ ውሃን ይተካልን?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። ውሃን የሚተካ ባክቴሪያ የለም። ይሁን እንጂ የነጋዴው ቃል ከሥሩ ሐሰት ነው ለማለትም አይቻልም። ተክል የውሃ እጥረት ሲደርስበት ጕዳቱን የሚያቀሉለት፥ ሥራቸውም በሊቃውንት ተመርምሮ የታወቀ፥ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን በእርግጥ አሉ። የሚያከራክረው ነገር በምን መንገድ ይረዳሉ፥ እስከ ምን ድረስስ ይረዳሉ የሚለው ነው። ይህንንም ለመረዳት አስቀድሞ ተክሉ ራሱ ውሃውን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

ተክል ውሃን እንደ እንስሳ ጠጥቶ በሰውነቱ አያኖረውም። ሥሩ ከመሬት ከሚስበው ውሃ ውስጥ ከ100 እጅ 95 እጅ የሚሆነው፥ ብዙ ጊዜም ከዚህ የሚበልጠው፥ በግንዱ በኩል ወደ ቅጠሉ ወጥቶ እንደ ላብ ይተናል። ይህ ሁሉ ውሃ በከንቱ የሚጠፋ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን በቅጠሉ ገጽ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተክሉ ምግቡን የሚሠራበትን አየር የሚቀበልባቸው በሮች ናቸው። በሩ ሲከፈት አየሩ ይገባል፤ ውሃውም በዚያው ይወጣል። አንዱን ይዞ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም። አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ስንዴ፥ ገለባው ከፍሬው ጋራ ተደምሮ፥ እስኪገኝ ድረስ በብዙ መቶ የሚቈጠር ሊትር ውሃ በእነዚህ በሮች ተንኖ ይሄዳል።

መሬቱ ሲደርቅ ተክሉ በሮቹን ይዘጋል። ውሃውን ይቈጥባል፥ ምግቡም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ደመወዙ እንደ ዘገየበት ሠራተኛ ወጪውን ቀንሶ ይጠብቃል ማለት ነው፤ ይህ ብልኅነት ነው፤ ለጥቂት ቀናትም ያቈየዋል። ተክሉን የሚጐዳው ግን የውሃው ማነስ ብቻ አይደለም። የሚበዛውን ጊዜ ከጥማቱ ቀጥሎ ተክሉ ራሱ በራሱ ላይ የሚያመጣው ሁለተኛ ጕዳት አለ፤ የዛሬውም ነገራችን በተለይ ያረፈው በዚህ ላይ ነው።

ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አለ። ስሙ እንግዳ ቢሆንም ሥራውን በየቤታችን እናውቀዋለን። ያልበሰለ አቦካዶ ከበሰለ ሙዝ ጋራ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ (ጋዜጣው አስቀድሞ ተነብቦ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው) ቶሎ የሚለሰልሰው፥ ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን ስለሚያበስለው ነው። ይህን ጋዝ በተክል ላይ በሚያደርሰው ነገር መጀመሪያ ያወቁት ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባሉ የሩሲያ ሰው ናቸው። በሴንት ፒተርስበርግ በቤተ ሙከራ ያበቀሉት አተር ወደ ላይ ማደጉን ትቶ አጥሮና ወፍሮ ወደ ጐን ሲጋደም አይተው ምክንያቱን ቢመረምሩ፥ ለመብራት ከሚነደው ጋዝ ውስጥ የሚገኘው ኤቲሊን መሆኑን ደረሱበት፤ ይህንንም በ1901 ገለጡ። በ1934 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን ተክሎች ራሳቸው ይህን ጋዝ እንደሚሠሩ አረጋገጡ። በ1979 ደግሞ በካሊፎርኒያ ሻንግ ፋ ያንግና ባልደረባቸው ዳግላስ አዳምስ፥ ተክሉ ኤቲሊንን የሚሠራው ኤ.ሲ.ሲ. በሚል አጭር ስም ከሚጠራ ከሌላ ንጥረ ነገር መሆኑን አስረዱ። ይህን ኤ.ሲ.ሲ. የተባለውን ስም አድማጮቻችን ያዝ አድርጉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ተክል ሲቈስል፥ በጎርፍ ሲዋጥ፥ መሬቱ ጨው ሲሆንበት፥ ውሃም ሲያጣ በሰውነቱ ውስጥ ኤቲሊን ይበዛል። ጥቂቱ እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ሆኖ ተክሉ ራሱን እንዲያዘጋጅ ያደርገዋል። ደወሉ ሳያቋርጥ ሲጮኽ ግን ሥሩ ማደጉን ይተዋል፥ ቅጠሉ ያለ ዕድሜው ይገረጣል፥ አበባውና ለጋው ፍሬ ይረግፋል። ሰው በሞላበት አዳራሽ እሳት ተነሣ ተብሎ ሲጮኽ፥ እሳቱ ከሚያቃጥለው ሌላ በበሩ ላይ ሲጋፋ የሚረጋገጥም እንደሚኖር ያለ ነው። ችግኝ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ ከመደቡ ተነቅሎ በማሳ ላይ ከተተከለ በኋላ ሥሩ ገና አፈሩን ሳይዝ ዝናቡ ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥ፥ ውሃው ተመልሶ ሲመጣ እንኳ ብዙው ሳያገግም ይቀራል። የበርበሬ ገበሬ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ባክቴሪያው እንምጣ። ከሙት ባሕር በስተ ደቡብ እስከ ቀይ ባሕር ጫፍ የሚዘልቅ፥ በመጽሐፍ ቅዱስ ዓረባ እየተባለ የተጠቀሰ ሸለቆ አለ። በዓመት የሚወርድለት ዝናብ ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ዓመቱን በሙሉ ሲደርቅ ከርሞ አንዳንድ ቀን በድንገት ጎርፍ የሚወርድባቸው ወንዞች አሉት፤ በእነዚህም አካባቢ እንደ ምንም ብለው የሚኖሩ ቍጥቋጦዎች ይበቅላሉ። በርኆቦት ከተማ ባለው የእርሻ ፋኩልቲ ያስተምሩ የነበሩት ሺሞን ማያክና ባልደረቦቻቸው፥ ከካናዳው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ከበርናርድ ግሊክ ጋራ ሆነው ከዚህ ምድረ በዳ አፈር ወሰዱ። አሳባቸው ቀላል ነበር፦ ረዳት ፈላጊ ተክል ባለበት ቦታ ረዳት ይገኛል፤ ውሃ ከማይጐድልበት ማሳ ይልቅ ጥማት በሚበረታበት ስፍራ በሥር ዙሪያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሳይሆኑ አይቀሩም ማለት ነው። (ርኆቦት ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ መሆኗን በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይቻላል።)

ከለዩዋቸው ባክቴሪያዎች መካከል አክሮሞባክተር ፒየቻውዲ የተባለ ዝርያ አንድ ዘር አገኙ፤ ከሌሎቹ ለመለየትም ኤ.አር.ቪ. 8 ብለው ምልክት ሰጡት። ይህንንም ለቲማቲምና ለበርበሬ ችግኞች ሰጥተው ለተወሰኑ ቀናት ውሃ ከለከሏቸው፤ ከዚያም መልሰው አጠጧቸው። በ2004 ያሳተሙት ውጤት እንደሚያስረዳው፥ ባክቴሪያውን ያገኙት ችግኞች ካላገኙት ይልቅ በእርጥብ ክብደታቸውም በደረቅ ክብደታቸውም በግልጽ በልጠው ተገኙ። የቲማቲሙም ችግኝ ያመነጨው ኤቲሊን አነስተኛ ሆነ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሌላው ያገኙት ነገር ነው። ውሃ በተከለከሉበት ጊዜ በሁለቱም ወገን ችግኞች ሰውነት ውስጥ የነበረው ውሃ ልዩነት አልነበረውም። ባክቴሪያው አንዲት ጠብታ ውሃ አላመጣም፥ አንዲት ጠብታም አላስቀረም። ልዩነቱ የታየው ውሃው ተመልሶ በመጣ ጊዜ ነው፤ ባክቴሪያ የነበራቸው ፈጥነው አገገሙ፥ ያልነበራቸው ግን ደወሉ ካደረሰባቸው ጕዳት በቀላሉ አልተነሡም። የአድማጫችንን ጥያቄ የሚመልሰው ይህ አንድ ነገር ነው። «ዝናብ ቢቀርም አያሳስባችሁ» የሚለው ቃል ሐሰት ነው፤ «ዝናቡ ዘግይቶ ሲመለስ ችግኙ ቆሞ ይጠብቀው ይሆናል» ቢል ኖሮ ግን ነጋዴው እውነት በተናገረ ነበር።

ባክቴሪያው ደወሉን የሚያስታግሠው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ኤ.ሲ.ሲ. ያልነውን እዚህ ላይ እናስታውስ። ተክሉ ከሚሠራው ኤ.ሲ.ሲ. ከፊሉ በሥሩ በኩል ወደ አፈሩ ይወጣል። ሆንማና ሺሞሙራ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች፥ ኤ.ሲ.ሲ.ን የሚሰባብር ኤንዛይም ያላቸው የአፈር ሕያዋን መኖራቸውን በ1978 አሳውቀው ነበር። በሥሩ ላይ የተቀመጠው ባክቴሪያ ይህን ንጥረ ነገር እየሰባበረ ለራሱ የናይትሮጅን ምግብ ያደርገዋል። ከሥሩ ውጭ ያለው ሲቀንስ ከውስጥ ያለው ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ለኤቲሊን መሥሪያ የሚተርፈውም ያንሳል። ባክቴሪያው ለተክሉ አዝኖ አይደለም፤ ምግቡን እየበላ ነው። የሁለቱ ጥቅም መገናኘቱ ግን ለገበሬው በጎ ሆነለት። በርናርድ ግሊክና ባልደረቦቻቸው ይህን መንገድ በ1998 አብራርተው ከጻፉ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ይህ ኤንዛይም ያላቸውን ባክቴሪያዎች በየምድረ በዳው ሲፈልጉ ኖረዋል።

ሌሎች ረዳቶችም አሉ፤ የእነርሱ መንገድ ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ባክቴሪያ በሥሩ ዙሪያ እንደ ተልባ ውሃ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያመነጫል፤ በዚህም አፈሩ ከሥሩ ጋራ ተያይዞ እርጥበቱ ቶሎ አይለቅቀውም። ፈንገሶችም አሉ። ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ አልበርት በርናርድ ፍራንክ በፕሩስያ መንግሥት ታዘው ትሩፍል የሚባለውን ውድ የምድር እንጕዳይ ማልማት ይቻል እንደ ሆነ ሲመረምሩ፥ የዛፎቹ ሥር በፈንገስ ክር ተሸፍኖ አገኙት፤ ይህንም የሥርና የፈንገስ ኅብረት በ1885 ማይኮራይዛ ብለው ሰየሙት። እንጕዳዩን በማልማት ረገድ የተሳካላቸው ነገር የለም፤ የደረሱበት ግን ከእንጕዳይ የሚበልጥ ሆነ። በሰብሎቻችን ሥር የሚኖሩት የዚህ ወገን ፈንገሶች ክራቸው ከሥር ፀጕር እጅግ የቀጠነ ስለሆነ፥ ሥሩ በማይገባበት በአፈሩ ጠባብ ቀዳዳ ገብተው ፎስፎረስን፥ ከእርሱም ጋራ ጥቂት ውሃ ያመጣሉ። በአንዲት ግራም አፈር ውስጥ ብዙ ሜትር የሚረዝም ክር ይገኛል ቢባል ለማመን ያስቸግራል፤ ነገር ግን ተለክቶ የታወቀ ነው።

ከባክቴሪያዎቹ መካከል በገበሬ ማሳ ላይ በሰፊው የተሠራበት አዞስፒሪሉም የተባለው ነው። ይህንን ወገን ዓለም እንዲያውቀው ያደረጉት በብራዚል ይሠሩ የነበሩት ዮሐና ዶበራይነር የተባሉ ሴት ሊቅ ሲሆኑ፥ ጊዜውም በ1970ዎቹ ዓመታት ነበር። አዞስፒሪሉም ሥሩ ብዙ ቅርንጫፍና ብዙ ፀጕር እንዲያወጣ የሚያደርግ የዕድገት ቅመም ያመነጫል፤ ብዙ ሥር ያለው ተክል ደግሞ ብዙ አፈር ይደርሳል። በአርጀንቲና የማር ዴል ፕላታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ባክቴሪያ ለስንዴ ሰጥተው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በሜዳ ላይ ድርቅ እንዲያገኘው አደረጉ። ባክቴሪያ ያልተሰጠው ስንዴ በውሃ እጥረቱ ምክንያት ከምርቱ 26.5 በመቶ አጣ፤ የተሰጠው ደግሞ 14.1 በመቶ። ይህን ቍጥር በጥንቃቄ እንድታዩት እንለምናለን። ባክቴሪያ የተሰጠውም ቢሆን ከ7 እጅ አንዱን ያህል አጥቷል። ከሩብ በላይ ማጣትና ከሰባት አንድ ማጣት በአንድ ቤተ ሰብ ጎተራ ላይ የሚያመጡት ልዩነት ግን ለሒሳብ ሠራተኞች የምንነግራቸው ነገር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ መልካም ከሆነ ስለ ምን በየማሳው አይሠራበትም? አንደኛው ምክንያት ረዳቱ ሕይወት ያለው መሆኑ ነው። ማዳበሪያ በመጋዘን ቢከርም ማዳበሪያነቱን አይለቅም፤ ባክቴሪያ ግን ይሞታል። ፀሐይ ይገድለዋል፤ በመኪና ጭነት ላይ በሙቀት ሲጓዝ የሰነበተ ከረጢት በውስጡ የሚገኘው የሞተ ነገር ሊሆን ይችላል። የፈንገስ መከላከያ መድኃኒት በተነከረ ዘር ላይ ረዳቱን ፈንገስ ማኖር ደግሞ እንግዳን ጋብዞ በሩን መዝጋት ነው። አድማጫችን የጠቀሱት ዱቄት ጥቍር የሆነውም ባክቴሪያው ጥቍር ሆኖ አይደለም፤ ባክቴሪያው የሚጓዝበት አፈር መሳይ ተሸካሚ ነው፤ ባክቴሪያው ቢሞትም ዱቄቱ ያው ጥቍር እንደ ሆነ ይቀራል። ገዢው በዓይኑ ሊለየው አይችልም። በልዩ ልዩ አገሮች በገበያ ላይ ያሉ እንዲህ ያሉ ምርቶች ሲመረመሩ፥ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ባክቴሪያ ከውስጥ ያልተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሌላው ምክንያት አፈሩ ባዶ ቤት አለመሆኑ ነው። በአንዲት ቍንጥር አፈር ውስጥ ቀድመው የሰፈሩ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ሕያዋን አሉ፤ ከሩቅ የመጣው እንግዳ ከእነርሱ ጋራ ተሻምቶ መኖር አለበት። በእቃ በተተከለ ችግኝ ላይ ድንቅ ሥራ የሠራ ባክቴሪያ በማሳ ላይ ሲገባ ሳይታወቅ የሚጠፋው ስለዚህ ነው። የዓረባው ባክቴሪያም የተፈተነው በችግኝ ላይ እንጂ በማረቆ አፈርና በማረቆ በርበሬ ላይ አይደለም። ዝናቡ በደኅና ሲዘንብ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል፤ ዝናቡ ጨርሶ ሲቀር ደግሞ ሁሉም እኩል ይደርቃል። ረዳቱ የሚታወቀው በመካከሉ ባለው፥ ውሃው ሄዶ በሚመለስበት ጊዜ ነው።

ይህ ሲባል ባክቴሪያን ለገበሬ መስጠት በአገራችን እንግዳ ነገር ነው ማለት አይደለም። ባቄላ፥ ሽምብራና አኩሪ አተር ናይትሮጅንን ከአየር እንዲያገኙ የሚያደርገው ራይዞቢየም በአገር ውስጥ እየተባዛ በየወረዳው ሲታደል ቈይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ባክቴሪያዎች የጤፍን ዕድገትና ምርት እንዴት እንደሚረዱ ፈትነው በ2022 ጽፈዋል። በአስተያየታችን መንገዱ ይህ ነው፤ ከገዛ አገራችን ቆላ፥ ከገዛ ሰብላችን ሥር የሚገኘው ረዳት ከሩቅ ከሚመጣው ይልቅ አፈሩን ሊለምደው ይችላል። ነገር ግን ዘሩን የሚለይ፥ ከረጢቱንም ከመጋዘን አውጥቶ በውስጡ ሕይወት መኖሩን የሚቈጥር መርማሪ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የገበሬው ሳይሆን የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ ምናልባት ከአድማጮቻችን መካከል ጕዳዩ በጠረጴዛቸው ላይ የሚያልፍ ይኖሩ ይሆናል።

አሁን ለአድማጫችን። ከከረጢቱ ላይ ገልብጠው የላኩልን ጽሑፍ የባክቴሪያውን ስም አይናገርም፤ የተሠራበት ቀንና የሚያበቃበት ቀንም የለውም። ስሙና ዕድሜው ካልታወቀ ሕያው ነገር ላይ መላውን ማሳ መጣል አይገባም። የጕድጓዱም ቍፋሮ ይቀጥል። ነገር ግን ወንድምዎን አያሳዝኗቸው፤ ለመላው ማሳ ሳይሆን ለሁለት ትልም የሚበቃውን ያህል ብቻ ይላኩላቸው።

ወንድምዎ በአንድ ማሳ፥ በአንድ ቀን፥ ከአንድ መደብ በተነቀለ ችግኝ ሦስት ትልም ጐን ለጐን ይትከሉ። የመጀመሪያውን በዱቄቱ ነክረው፥ ሁለተኛውን ምንም ሳይነክሩ፥ ሦስተኛውን ደግሞ ከዚያው ዱቄት ጥቂት ወስደው በውሃ ለረጅም ጊዜ ካፈሉት በኋላ አቀዝቅዘው በእርሱ ነክረው ይትከሉ። የፈላው ዱቄት ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚሞትበት ስለሆነ፥ ሦስተኛው ትልም ከመጀመሪያው እኩል ካማረ ሥራውን የሠራው ባክቴሪያው ሳይሆን ተሸካሚው ሊሆን ይችላል። ዱቄቱን ከፀሐይ ይጠብቁት፤ ነክረውም ቢሆን አመሻሽ ላይ ይትከሉ። ከዚያም ዝናቡ ተቋርጦ በተመለሰ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን በየትልሙ ቀና ያለውንና እንደ ተኛ የቀረውን ችግኝ ቈጥረው ቍጥሩን ይላኩልን፤ በዚሁ ሰዓት እናነበዋለን።